ማንጁ፦ ከናራ ገዳማት እስከ ኮሎምቢያ ሃይትስ ጓዳ

የማንጁ ታሪክ የሚጀምረው በሥጋ ነው። የቻይና ትውፊት እንደሚለው በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሹ መንግሥት አማካሪና የጦር መሪ የነበረው ዡጌ ልያንግ ከደቡብ ዘመቻ ሲመለስ፣ ደፍርሶ የሚገለባበጥ ወንዝ መንገዱን ዘጋበት። የአካባቢው ሰዎች ወንዙ የሚበርደው የሰው ራስ ሲሠዋለት ብቻ ነው አሉት። ዡጌ ልያንግ ግን ለወንዝ ብዬ ሰው አላርድም አለ። ከብት አሳርዶ፣ ሥጋውን በሊጥ አስጠቅልሎ፣ የሰው ራስ አስመስሎ ወደ ውሃው ጣለው፤ ሠራዊቱም በሰላም ተሻገረ። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ በእንፋሎት የሚበስለው ማንቱ የተባለው የቻይና ዳቦ የትውልድ ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚህ ነው። በአገራችን ኅብስት የጋገረ ሰው የአበሳሰሉን መንገድ ወዲያው ያውቀዋል።

ይህ ሥጋ ያዘለ ዳቦ ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ውስጥ ማንጁ የተባለ ጣፋጭ ሆነ። በውስጡ የጣፈጠ ጥራጥሬ የተሞላ፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ የሊጥ ድቡልቡል ማለት ነው። እንዴት እንደ ገባ ሁለት ታሪክ ይነገራል፤ በሁለቱም ውስጥ መነኮሳት አሉ። የመጀመሪያው ባለታሪክ ኤኒ የተባለ፣ ዜን ከሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ የሆነ መነኩሴ ነው። ቻይና ሄዶ ስድስት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ በ1241 በሃካታ ወደብ በኩል ተመለሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ትውፊቱ ከሆነ ላስተናገደው አንድ የሻይ ቤት ባለቤት፣ ከሩዝ በተዘጋጀ እርሾ ሊጥ አቡክቶ በእንፋሎት ማብሰልን አስተማረው፤ የመሸጫውንም ምልክት በእጁ ጽፎ ሰጠው። ያ ሰሌዳ ዛሬ ቶራያ በተባለው ጥንታዊ የጣፋጭ ቤት እጅ ይገኛል።

ሁለተኛው ታሪክ ስለ መሙያው የበለጠ ይነግረናል። በ1349 ሊን ጂንግዪን የተባለ ቻይናዊ፣ በቻይና ረጅም ዘመን ኖረው ከሚመለሱ አንድ የዜን መምህር ጋር ጃፓን ገብቶ በናራ ከተማ ተቀመጠ። ማንቱ የመሥራት ሙያ ነበረው። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት መነኮሳት ሥጋ አይቀምሱም። ስለዚህ ሥጋውን ትቶ አዙኪ የተባለውን ቀይ ጥራጥሬ ቀቀለ። አዙኪ መጠኑ ትንሽ፣ ዘሩም ከእኛው ማሾ ጋር የሚዛመድ ነው። ፈጭቶ፣ ከሐረግ በሚገኝ ጣፋጭ ጭማቂ አጣፍጦ፣ በሊጥ ጠቀለለው። የዘር ሐረጉን ከእሱ የሚቆጥረውና ዛሬ በቶኪዮ የሚገኘው የሺዮሴ ጣፋጭ ቤት እንደሚተርከው፣ ሥራው ቤተ መንግሥት ድረስ ተወዶለት ከቤተ መንግሥት ሴት ተዳረለት፤ በሠርጉም ቀይና ነጭ ማንጁ ለእንግዶች ታደለ። ቀይና ነጭ ማንጁን በደስታ ቀን ማደል በጃፓን እስካሁን ያለ ልማድ ነው። በናራ በስሙ የተሰየመ ትንሽ መቅደስ አለ፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 19 የአገሪቱ ጣፋጭ ሠሪዎች የሥራቸውን ውጤት ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው ከሥጋ በመከልከል ነው። ዓመቱን በጾምና በፍስክ ከፍሎ የሚኖር የአማርኛ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ከማንም በላይ የሚረዳው ይመስላል። ማንጁ የተወለደው የሚፈለገው ነገር ስላልተፈቀደ ነው። ከዚያም በኋላ በተጓዘበት አገር ሁሉ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ሥጋው፣ ስኳሩ ወይም አዙኪው። በየቦታው የጎደለውን የተካው ደግሞ ጓዳ ነው።

በሊን ዘመን የጎደለው ስኳር ነበር። ስኳር ለረጅም ዘመን ከውጭ የሚመጣ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚቆጠር ብርቅ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ነገሩ የተለወጠው ፖርቹጋሎች በ1543 ጃፓን ከረገጡና በ1571 የናጋሳኪ ወደብ ለንግዳቸው ከተከፈተ በኋላ ነው። ከእነሱ ጋር ካስቴላ የሚባለው በእንቁላልና በስኳር የሚጋገር ኬክ መጣ። ጃፓን በሯን ለአውሮፓ በዘጋችበት ዘመንም ከ1641 ጀምሮ ደጂማ በምትባለው ሰው ሠራሽ ደሴት እንዲቀመጡ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች በመርከብ ስኳር ማራገፋቸውን አላቋረጡም። ከናጋሳኪ ተነስቶ የኪዩሹን ደሴት አቋርጦ ወደ ኮኩራ የሚወስደው ጎዳና ዛሬ የስኳር መንገድ ተብሎ ይጠራል፤ በዳር በዳሩ ያሉ ከተሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጣፋጭ ፈጥረዋል። በደቡብ የሪዩኪዩ ደሴቶች በ1623 ከቻይና የተማሩትን የስኳር አሠራር አስፋፉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሾጉን የሚባለው የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ የሸንኮራ አገዳ በአገር ውስጥ እንዲተከል ገፋፋ፤ ከሺኮኩ ደሴት ዋሳንቦን የተባለው እንደ ዱቄት የላመ ስኳር የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስኳሩ ሲበዛ ማንጁም ከገዳምና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገበያ ገባ። የሻይ ሥርዓት መራራውን አረንጓዴ ሻይ የሚያስታግስ ጣፋጭ ይፈልግ ስለነበር ሠሪዎቹ በቅርጽና በወቅት ተፎካከሩ። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ በነበረው ቤተ መንግሥት በየዓመቱ በስድስተኛው ወር 16ኛ ቀን ሾጉኑ በታላቁ አዳራሽ ለመኳንንቱ ጣፋጭ ያድል ነበር። የጃፓን ጣፋጭ ሠሪዎች ማኅበር በ1979 ጁን 16ን የባህላዊ ጣፋጭ ቀን ያደረገው ይህንን ልማድ ተከትሎ ነው።

በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ ሲዛወሩ ቶራያም አብሮ ተጓዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኪሙራ ያሱቤ የተባለ የቀድሞ ሳሙራይ ከልጁ ጋር ሆኖ የአውሮፓውያንን ዳቦ ከማንጁ ጋር አጋባ። የቢራ እርሾ ማግኘት ሲያስቸግር የሩዝ መጠጥ በሚጠመቅበት እርሾ ሊጡን አቡክቶ አዙኪ ሞላው፤ አንፓን የተባለው ዳቦ ተወለደ። ኤፕሪል 4 ቀን 1875 መሐሉ ላይ በጨው የተቀመጠ የቼሪ አበባ ተደርጎበት ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ቀረበ። በየፍል ውሃው ከተማ የሚሸጠው ቡናማ ማንጁ ደግሞ በ1910 በኢካሆ እንደ ተጀመረ ይነገራል። ቀለሙን ያገኘው ከጥቁር ስኳር ነው፤ በዛሬው የቤት ማንጁ አሠራር ውስጥ የሚታየውም ይኸው ዓይነት ነው።

ማንጁ ፓስፊክን የተሻገረው በድሆች ሻንጣ ነው። በ1885 መጀመሪያ ከ900 በላይ ጃፓናውያን የውል ሠራተኞች ሆነው ሃዋይ ገቡ፤ የተቀጠሩትም ሸንኮራ አገዳ ለመቁረጥ ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ዘለቁ። በ1903 ሴይቺ ኪቶ በሎስ አንጀለስ ሊትል ቶኪዮ ሰፈር ፉጌትሱዶን ከፈተ። ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈረሳት በ1906 ቤንክዮዶ ተመሠረተ። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሞቺ የተባለው የሚጣበቅ የሩዝ ሊጥ፣ ሰው ሲሞት ለሐዘንተኞች ማንጁ፣ ልጅ ሲወለድ ቀይና ነጭ፤ ጃፓናዊ ሰፈር ባለበት ሁሉ ጣፋጭ ቤቱ የኑሮው አካል ሆነ። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ከጃፓን የሚመጣውን ሰው ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሙያው የሚወረሰው አሜሪካ ውስጥ በተወለዱ ልጆች ብቻ ነበር።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ጃፓንን በትኩረት እየተመለከተች ነበር። በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሜይጂን ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ ተከትሏል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ በቀጣዩ ዓመት አሳትመዋል። የዘመኑ ምሁራን ከጃፓን ይፈልጉት የነበረው ፋብሪካን፣ ትምህርት ቤትንና ሕግን ነበር፤ የሚያስገርምም አይደለም። የጃፓን ጓዳ ከኢትዮጵያውያን ጋር የተገናኘው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ያውም በሦስተኛ አገር ነው።

ጃፓንና አሜሪካ ጦርነት ከገጠሙ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ከምዕራብ ጠረፍ ወደ 120,000 የሚጠጉ ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው ተነቅለው በአሥር ካምፖች ታጎሩ። ሱቅ፣ እርሻ፣ ድስትና የማንጁ ቅርጽ ማውጫ እንጨት ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ። በካሊፎርኒያ ታዋቂ የሩዝ አምራች የነበሩት ኬይሳቡሮ ኮዳና ቤተሰባቸው ኮሎራዶ በሚገኘው የአማቼ ካምፕ ገቡ። የኪቶ ቤተሰብ ደግሞ ዋዮሚንግ ወዳለው ወደ ሃርት ማውንቴን ተወሰደ።

በዚያው ዓመት ሜይ ወር ስኳር በአሜሪካ የመጀመሪያው በራሽን የሚታደል ምግብ ሆነ፤ ለአንድ ሰው በሳምንት ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 225 ግራም ገደማ። ሩብ ኪሎ አዙኪ በወጉ ለማጣፈጥ 200 ግራም ስኳር ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ድስት የማንጁ መሙያ የአንድ ሰው የሳምንት ድርሻን ጠራርጎ ይወስዳል ማለት ነው። የኪቶ ቤተሰብ እንደሚተርከው፣ በሃርት ማውንቴን እስረኞቹ ከራሽናቸው የቆጠቡትን ስኳር እያመጡ ለቤተሰቡ ይሰጡ ነበር፤ ቤተሰቡም ማንጁ ይሠራላቸው ነበር። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም። ቤቱን፣ ሱቁንና መብቱን የተቀማ ሕዝብ በማንኪያ የተሰፈረለትን ስኳር አጠራቅሞ፣ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ውስጥ የአያቶቹን ጣፋጭ በላ። ፉጌትሱዶ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ በሩን የከፈተው በ1946 ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

ኮሎምቢያ ሃይትስ የምትገኝባት ሚኒሶታ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በወታደር ትምህርት ቤት በኩል ነው። የአሜሪካ ጦር የጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቱን በኖቬምበር 1941 በሳን ፍራንሲስኮ ከፍቶ ነበር። የጃፓን ተወላጆች ከጠረፉ እንዲወጡ ሲታዘዝ፣ በጃፓን ተወላጆች የተሞላው ትምህርት ቤትም የሚቀበለው ግዛት ያስፈልገው ጀመር። እሺ ያለው የሚኒሶታው ገዥ ሃሮልድ ስታሰን ነበር። በጁን 1942 ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ በካምፕ ሳቬጅ ትምህርት ተጀመረ። ካምፑ ቀድሞ መጠለያ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ነበር። ቦታው ሲጠብ በኦገስት 1944 ወደ ፎርት ስኔሊንግ ተዛወረ። ትምህርት ቤቱ በ1946 ወደ ካሊፎርኒያ እስኪመለስ ድረስ ወደ 6,000 የሚጠጉ ተመራቂዎች አወጣ። ወንድሞቻቸው፣ ሚስቶቻቸውና ወላጆቻቸው ብዙ ጊዜ በካምፕ ታጉረው ሳለ፣ እነሱ በፓስፊክ ግንባር ምርኮኛ ሲጠይቁና ሰነድ ሲተረጉሙ ነበር።

ወታደሮቹን ተከትሎ ቤተሰብ መጣ። ከካምፕ የሚለቀቁትን ሥራና ቤት የሚያገናኝ የመንግሥት ቢሮ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ተከፈተ፤ ቤተ ክርስቲያናትና የሴቶች ማኅበራት ማረፊያ አዘጋጁ። አከራዮች በራቸውን የዘጉባቸው፣ አሠሪዎች የመለሷቸው ጥቂት አልነበሩም። ያም ሆኖ በ1940 ሕዝብ ቆጠራ በመላው ሚኒሶታ 51 ብቻ የነበሩት የጃፓን ተወላጆች በ1950 ቁጥራቸው 1,049 ደረሰ።

እነዚህ አንድ ሺህ ሰዎች ሊትል ቶኪዮ የሚባል ሰፈር አልነበራቸውም። የካምፕ ኃላፊዎችም በአንድ ቦታ ተሰባስባችሁ አትኑሩ፣ ተበተኑ ብለው መክረዋቸው ነበር። ጣፋጭ የሚፈልግ እናቱን ወይም ራሱን ማየት ነበረበት። አዙኪ ከየግሮሰሪው አይገኝም። ስለዚህ ከሃዋይ እስከ ቺካጎ በተበተኑት የጃፓን ተወላጅ ጓዳዎች አንድ መላ ተስፋፋ፤ ሊማ የሚባለውን ሰፊ ነጭ ባቄላ ቀቅሎ፣ ልጣጩን አውልቆ፣ በስኳር ማላም። ጃፓን ውስጥም ነጭ መሙያ ከነጭ ጥራጥሬ ይሠራ ስለነበር ጣዕሙ እንግዳ አልሆነባቸውም። ሊጡም ተለወጠ። በእንፋሎት ከማብሰል ይልቅ ዱቄትን በቅቤ ወይም በዘይት አሽቶ፣ መሙያውን ጠቅልሎ፣ እንቁላል ቀብቶ በኦቭን መጋገር ቀለለ። ማኅበረሰቡ በየቤተ መቅደሱና በየማኅበሩ ባሳተማቸው የምግብ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው የተጋገረ ማንጁ ይህ ነው። የናራ መነኮሳት ይህን ቢያዩ ቅቤውንና እንቁላሉን አይነኩም ነበር፤ ግን አሜሪካ ውስጥ ያደጉት የልጅ ልጆች ማንጁ ሲባል የሚመጣላቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለ ዱቄቱ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ሚኒያፖሊስ ከ1880 እስከ 1930 ድረስ የዓለም የዱቄት መዲና ነበረች፤ በሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ግራና ቀኝ የፒልስበሪና የዋሽበርን ወፍጮዎች የሰሜኑን ሜዳ ስንዴ ይፈጩ ነበር። ያ በጸደይ የሚዘራ ጠንካራ ስንዴ ለዳቦ ወደር የለውም፤ ሊጡን የሚስብና የሚያሳብጥ ግሉተን ይበዛበታል። ለማንጁ ግን ተቃራኒው ይፈለጋል። ሊጡ ሲሳብ ወደ ኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ መሙያው ላይ አይለጠፍም፤ ሲበስልም ይጠነክራል። በዱቄት በታወቀች ከተማ የሚኖር የማንጁ ሠሪ ለኬክ የሚሆነውን ለስላሳ ዱቄት መፈለግ ወይም በተራው ዱቄት ላይ ጥቂት የበቆሎ ስታርች መደባለቅ አለበት።

ዲሴምበር 7 ቀን 1955 የሚኒሶታ ዋና ከተማ ሴንት ፖል ከናጋሳኪ ጋር እህትማማች ከተማ ሆነች። በአሜሪካና በጃፓን ከተሞች መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት ሲፈረም የመጀመሪያው ነበር፤ አቶሚክ ቦምብ ናጋሳኪን ካጠፋት ገና አሥር ዓመቷ ነበር። የስኳር መንገድ የሚጀምርባት ከተማ እንግዲህ ከሚሲሲፒ ዳር ከተማ ጋር ተሳሰረች። በሴንት ፖል ኮሞ ፓርክ ያለው የጃፓን የአትክልት ስፍራ በ1979 የተሠራው በናጋሳኪው ንድፍ አውጪ ማሳሚ ማትሱዳ ነው። በየክረምቱ እዚያው ፓርክ ውስጥ ሲመሽ በኩሬው ላይ የወረቀት ፋኖስ የሚንሳፈፍበት በዓል ይከበራል።

በዚህ መሐል ከቶኪዮ የመጣችው ሬይኮ ዌስተን በ1959 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፉጂያ የተባለውን የጃፓን ምግብ ቤት ከፈተች። በ1968 ወደ ወንዙ ዳር አዛወረችው። ያኔ ወንዙ ዳር የተተወ የወፍጮና የባቡር ሐዲድ ፍርስራሽ ነበር፤ እሷ ግን በኮሎምቢያ ዱቄት ወፍጮ መሠረት ላይ የጃፓን ቤት አቆመች። ከተማዋ ጀርባዋን የሰጠችውን ወንዝ ቀድማ ያየችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። በ1988 አረፈች። በዚያው ዓመት ኦገስት 10 ፕሬዚዳንት ሬገን በካምፕ ለታጎሩና በሕይወት ላሉ ሁሉ የመንግሥት ይቅርታና 20,000 ዶላር የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። ፉጂያ በነበረችበት በወፍጮው ፍርስራሽ ላይ በ2021 የዳኮታና የሌሎች ነባር ሕዝቦችን ምግብ የሚያቀርበው ኦዋምኒ ተከፈተ።

ዕቃ ማግኘትም ከጊዜ ጋር ቀለለ። ከ1972 ጀምሮ ዩናይትድ ኑድልስ የተባለው የእስያ ግሮሰሪ በሚኒያፖሊስ አዙኪና የሩዝ ዱቄት ለሚፈልግ ሰው በሩን ከፍቷል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ተመራማሪዎች በ1980 አካባቢ ሚኖካ የተባለ የአዙኪ ዝርያ አወጡ፤ በአዙኪ ፈንታ ሊማ ይተኩ የነበሩ እናቶች ልጆች በደረሱበት ዘመን አዙኪ በሚኒሶታ ማሳ ላይ በቀለ። የኮዳ ቤተሰብ ከእስር ሲመለስ ብዙ መሬቱንና ወፍጮውን አጥቶ ነበር፤ እንደገና ቆሞ ሞቺኮ የተባለውን የሚጣበቅ የሩዝ ዱቄት በየጓዳው አደረሰ። በ1970ዎቹ ማይክሮዌቭ ቤት ሲገባ፣ ያውም የቤት ማይክሮዌቭን ካስፋፉት አንዱ የሆነው የሊተን ኩባንያ ምርት ክፍል መቀመጫው እዚሁ ሚኒያፖሊስ ሆኖ ሳለ፣ በሙቀጫ ይወቀጥ የነበረው የሩዝ ሊጥ በጥቂት ደቂቃ የሚደርስ ሆነ። ያንን በእንጆሪና በአዙኪ ላይ መጠቅለል ለጀማሪ ከማንጁ የቀለለ ሥራ ነው።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ከዚህ ሁሉ በስተሰሜን፣ ከሚኒያፖሊስ ወሰን ጋር ተያይዛ ትገኛለች። በ1898 መንደር፣ በ1921 ከተማ ሆነች፤ በ2020 ቆጠራ ወደ 22,000 ሕዝብ ነበራት። ዋና ጎዳናዋ ሴንትራል አቬኑ ነው፤ በ1926 የተሠራው የሃይትስ ሲኒማ ቤት ዛሬም እዚያው ላይ ፊልም ያሳያል። ይህንኑ ጎዳና ይዞ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው የፒልስበሪን ወፍጮ በስተግራው ትቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ፉጂያ ቆማ በነበረችበት ቦታ አጠገብ ይደርሳል። በቀድሞው ዘመን የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞች ልጆች የሰፈሩባት ከተማ ዛሬ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ናት፤ ኢትዮጵያውያንም አሉባት። እዚህ ማንጁ የሚሠራ ሰው በአቅራቢያው መቶ ዓመት የሞላው ጣፋጭ ቤት የለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉትም እየሳሱ ነው፤ ቤንክዮዶ ከ115 ዓመት በኋላ በማርች 2022 ተዘግቷል። ስለዚህ የሙያው ዕጣ ዞሮ ዞሮ እንደ ገና ጓዳ ውስጥ ነው፤ አሠራሩም በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል።

አዙኪ ሌሊቱን መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ሩብ ኪሎውን አጥቦ መጣድ፣ ውሃው ፈልቶ ሲቀላ መድፋት፤ የሚያንቀው ምሬት በዚህ ይሄዳል። በአዲስ ውሃ በለዘብተኛ እሳት ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀቀላል። ፍሬዎቹ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መስጠም አለባቸው፤ ከላይ ከደረቁ ልጣጩ ይቀደድና ውስጡ እንደ ጠነከረ ይቀራል። ደረሰ የሚባለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያለ ጉልበት ሲፈርስ ነው። ስኳር ከዚያ በፊት ከገባ ፍሬው ይጠነክራልና መቸኮል አይገባም። ልጣጩን የማይፈልግ በወንፊት ያሸዋል፤ በውሃ ያጠልለዋል፤ በሻሽ ጨምቆ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። 200 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ተጨምሮ ማማሰል ይጀመራል። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ፈልቶ እጅ የሚያቃጥል ስለሆነ ረጅም ማማሰያ ያስፈልጋል። ማማሰያው የድስቱን ወለል ሲያቋርጥ የተወው መስመር ቶሎ ካልተሞላ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠብቅ ድስቱ ላይ እያለ ጥቂት ለስለስ ማለቱ ደግ ነው።

ለሊጡ 120 ግራም ቡናማ ስኳር በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞቅ አድርጎ ማሟሟትና ማቀዝቀዝ ይበቃል። በትንሽ ውሃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይገባበታል፤ ከዚያ 200 ግራም ለስላሳ ዱቄት ተነፍቶ ይጨመራል። ይህ ሊጥ አይታሽም። በማማሰያ ተደባልቆ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ ዱቄት በተነሰነሰበት እጅ ተከፋፍሎ በመዳፍ ላይ ይጠፈጠፋል፤ 25 ግራም ያህል መሙያ መሐሉ ተቀምጦ ጠርዙ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ወደ ሃያ ማንጁ ይወጣዋል። ከሥሩ ቁራጭ ወረቀት ተደርጎ፣ ላዩ ውሃ ርከፍ ተደርጎበት፣ በኃይለኛ እንፋሎት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበስላል። ክዳኑን በጨርቅ መጠቅለል ግድ ነው፤ ከክዳኑ የሚንጠባጠብ ውሃ ላዩን ያቆሳስለዋል።

ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። ሊን ለናራ መነኮሳት ያሰበው ይህ መከልከል ዛሬ ዐቢይ ጾምን ለሚጾም የኮሎምቢያ ሃይትስ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሳይለወጥ ይሠራለታል። አዙኪ ከሌለም ከኢትዮጵያ የሚወጡ ሁለት ጥራጥሬዎች አሉ። የመጀመሪያው ከስምጥ ሸለቆ ወደ አውሮፓ የሚላከው ነጭ ቦሎቄ ነው፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ልጣጩ ወጥቶለት በዚያው መንገድ ሲበስል የተበተኑት እናቶች ከሊማ የሠሩትን ነጭ መሙያ ይተካል። ሁለተኛው ማሾ ነው። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ገበሬዎች በብዛት ያመርቱታል፤ ከ2014 ጀምሮም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይገበያያል። ልጣጩ የተላጠ ክክ ማሾ ከአዙኪ ፈጥኖ ይበስላል፤ ወርቃማ መሙያም ይሰጣል፤ ቻይናውያንና ቬትናማውያን በየኬካቸው ውስጥ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የተረፈው መሙያ በትንሽ በትንሹ ተጠቅልሎ በፍሪዘር ወራት ይቆያል፤ የበሰለው ማንጁ ግን በማግስቱ ሊጡ ስለሚደርቅ ለጥቂት ደቂቃ እንደገና በእንፋሎት መሞቅ ይፈልጋል።